እየቆምን ጎንደር ገባን

የጎንደርን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማውቀው ግን በአውቶቡስ መስኮት ነው። እናቴ የዳባት ልጅ ናት። ለሠርግም ለለቅሶም ስንሄድ ገና ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደርሰን እንሳፈራለን። መንገድ ላይ እናድራለን። መሃል ላይ ያለው ሁሉ በመስታወቱ እያለፈ ይቀራል። ጭላዳ አለፈ። ክብ ሐይቅ አለፈ። የድንጋይ ጣት አለፈ። ከጎንደር ወጣ እንዳልን ደግሞ መንገድ ዳር የተደረደረ ሸክላ ይመጣል። እሱን ግን በደንብ አይቼው አላውቅም፤ እዚያ ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል ታደርግብኝ ነበር። ለፀሐዩ ይመስለኝ ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ እንውረድ» እላታለሁ ሁልጊዜ።

«መኪናው የእኛ አይደለም፣ ልጄ» ትለኛለች።

እናቴ ካረፈች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 2011 ላይ፣ ዳባት ያለችውን ታላቅ እህቷን ለመጠየቅ ተነሣን። ጥምቀት አልፎ መንገዱም ሆቴሉም ቀለል ብሎ ነበር። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ታናሽ ወንድሜ አሮጌ ቪትዝ አለችው። በልጅነቴ ያላየሁትን ሁሉ እያቆምኩ ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ይቺ መኪና የእኛ ናት። የፈለግሽበት እንቆማለን» አለኝ።

ከሱሉልታና ከጫንጮ ወተት ጫኞች ጋር ተጋፍተን ወጣን። መጀመሪያ የቆምነው ወደ ደብረ ሊባኖስ በሚያስገባው መታጠፊያ አካባቢ ነው። ገዳሙን ተሳልመን፣ በ1929 በግራዚያኒ ትእዛዝ ያለቁትን መነኮሳት አስበን ወጣን። ከዚያ ወደ ድልድዩ ወረድን። የፖርቱጋሎች ድልድይ ይሉታል። ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ውኃው ከሥሩ ያልፍና ወዲያው ገደል ይገባል። የሚመራን ልጅ፣ «ስሙ ነው የፖርቱጋል፣ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው» አለን። ኖራው ላይ የሰጎን እንቁላል ተቀላቅሏል የሚባለውንም ነገረን። ወንድሜ ድንጋዩን በጣቱ እየነካ ቅርፊት ፈለገ።

እኔ ግን ዓይኔ ጭላዳዎቹ ላይ ነበር። ከአውቶቡስ ላይ ጭላዳ የሁለት ሰከንድ ነገር ነው፤ «ዝንጀሮ! ዝንጀሮ!» ሲባል አልፏል። ቁጭ ብለው ሲያዩት ሌላ ነው። ሣር ነው የሚበላው። ቁጭ ብሎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ፣ ሣሩን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ልክ ሴት ምስር ስትለቅም። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ፤ ከዚያ ተንፏቆ ደግሞ ይለቅማል። ደረቱ ላይ ያ ቀይ ቆዳ አለ። በዓለም ላይ ያለው በእኛ ተራሮች ብቻ መሆኑን እያወቅሁ፣ እንዲህ ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጬ አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ቆየን።

አባይ በረሃን ስንወርድ መሃል ላይ ፍሬኑ ሸተተ። ዳር ይዘን ቆምን። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ወርዶ ጎማችንን በእጁ ጀርባ ሞከረና፣ «ወንድምዓለም፣ አባይ የሚወረደው በማርሽ ነው እንጂ በፍሬን አይደለም» አለው ወንድሜን። እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልን በሚሊኒየሙ ሰሞን በጃፓን ድጋፍ ወደተሠራው የህዳሴ ድልድይ ደረስን። አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ቆሟል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር ያልፋል። ማዶ ወጥተን ደጀን ሻይ ስንጠጣ እናቴ ትዝ አለችኝ። «ደጀን ደረስን፤ በቃ አሁን አይዞሽ» ትል ነበር እዚህ ስንደርስ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። በማግስቱ ከቡሬ አለፍ ብለን፣ እንጅባራ ልንገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን፣ ዘንገና ላይ ቆምን። ክቡ ሐይቅ ይሄ ነው። እሳተ ገሞራ የተወው ጉድጓድ ነው፤ ውኃ ሞልቶት፣ ዙሪያውን ዛፍ ከቦት። ከአስፋልቱ ወርደህ ጥቂት እርምጃ ነው። ጥልቀቱ ከ150 ሜትር በላይ እንደሆነ ሰምተን ስለነበር ወንድሜ ዳሩ ላይ ቆሞ አንድ ጠጠር ወረወረ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ጠጠሩ ሲሰጥም ቀለበቱ እየሰፋ ሄዶ ማዶ የሚደርስ ይመስላል። ይኼን ያህል ዓመት በዚህ አጠገብ አልፌያለሁ።

እንጅባራ ያደርነው አስበንበት ነው፤ ማግስቱ ጥር 23 ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በአድዋና በማይጨው አገር ሲጠብቁ ለነበሩ አርበኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ። ለፈረስ መታሰቢያ የሚያደርግ ሕዝብ መኖሩን ሳስብ እስካሁን ልቤ ይሞቃል።

ሜዳው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ፈረስ ብቻ ነው። ከየቀበሌው በቡድን በቡድን እየዘፈኑ ይገባሉ። እያንዳንዱ ፈረስ ለሠርግ እንደተዘጋጀ ነው። ግላሱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፤ ግንባሩ ላይ ኳስ የሚመስል የክር ዘርፍ ተንጠልጥሏል፤ ልጓሙ ላይ የተሰኩት ነሐሶች ፀሐይ ሲመታቸው ያበራሉ። አጠገቤ አንድ አዛውንት ቆመዋል፤ ካኪ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። ፈረሳቸው ቡላ ነው። ጅራቱን እያበጠሩለት ነበር፤ በእንጨት ማበጠሪያ፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ልጅ ጸጉር።

«አባባ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳቸው።

«ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመቱ። ሌላው ዕድሜው አይቆጠርም» አሉኝ።

ጉግስ ሲጀመር ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዱ ሲያሳድድ ሌላው ሲያመልጥ፣ ዘንጉ ሲወረወር፣ ያኛው ኮርቻው ላይ ተኝቶ በጋሻ ሲመክት! መሬቱ በእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። አዛውንቱም ገቡ። በጥሩ ግምት ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። ሲመለሱ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ፣ «አየሽው?» አሉኝ። ፈረሱን ነው እንጂ ራሳቸውን አልነበረም። አይቼዋለሁ።

ባሕር ዳርን በዚህ ጽሑፍ አልነካም፤ ለብቻዋ ይገባታል። በወረታ የሩዝ ማሳ አቋርጠን፣ ከአዲስ ዘመን አለፍ ብለን፣ ያን ከተራራው ተለይቶ ብቻውን ወደ ሰማይ የቆመ ድንጋይ ለማየት ወረድን። በልጅነቴ አንድ ተሳፋሪ፣ «እግዜር ሊቆጣን ሲል ያነሣው ጣት ነው» ብሎኝ ሌሊት በሕልሜ መጥቶብኛል። አሁን ሥሩ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጥላውን ተጠልሎ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ፍርሃቴ እዚያው ቀረ።

ማታ ጎንደር ገባን። በማግስቱ ጠዋት በደባርቅ መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጥተን ወለቃ ቆምን።

ወለቃ ያ የነጠላው ቦታ ነው።

የቤተ እስራኤል ሰፈር ነበር። ምኩራቡ አሁንም አለ፤ ትንሽ ክብ ጎጆ፣ ጉልላቱ ላይ የዳዊት ኮከብ። በድሮው ዘመን ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍጓቸው ስለነበር በእጅ ሥራ ነበር የሚኖሩት። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። አገሩ ሁሉ በእነሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነሱ ድስት ይበላል። እነሱን ግን ጠይብ፣ ቡዳ ይላቸዋል። ዓይናቸው ይበላል ይላል። ብዙዎቹ በ1977 አካባቢ በሱዳን በእግራቸው ሄዱ። በግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። ሸክላው ግን ወለቃ ቀረ።

መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ ሰዎች ተደርድረዋል። ጥቁርና ቀይ። ቄስ ከነጥምጣሙ። አንበሳ። የምትፈጭ ሴት። አንድ አልጋ ላይ የተኙ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ፣ አንሶላቸው እስከ አገጫቸው ተስቦ። እንስራ ያዘለች ሴት። ከኋላቸው አንዲት እናት ጉልበታቸው ላይ ጭቃ ይዘው ተቀምጠዋል።

ሌላ ሰው ሲመጣ ልጃቸው ታስተናግዳለች፤ እሳቸው ከሥራቸው ቀና አይሉም። ጭቃውን ከተፈጨ ገል ጋር አዋሕደው ያሹታል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አንዴ ጫን ሲያደርጉት አንገት ይወጣል። ሁለት ጊዜ ቆንጠጥ፣ ትከሻ። በስንደዶ ጫፍ ሁለት ነጥብ፣ ዓይን። ሲያልቅ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያ ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ይዘው ይወለውሉታል። ይኼ ነው ረጅሙ ሥራ። ክር፣ ክር፣ ክር የሚል ድምፅ አለው። ከዚያ በኩበት ይተኮሳል። ጠጠሩን እንድይዘው ሰጡኝ። መሃሉ በአውራ ጣታቸው ልክ ጎድጉዷል። ከእናታቸው የወረሱት ነው።

«እናቴ ከጎረቤቷ ነው የተማረችው» አሉኝ። «ቤተ እስራኤል ነበረች። ጎረቤቷ አገር ለቃ ሄደች። እጇ ግን እዚህ ቀረ።»

«እርስዎንስ ሰው ቡዳ ይልዎታል?»

«እታለም፣ ሸክላ ከያዝሽ ከማን ዘር ነሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ስናልፍ ሌማት የሚከድኑ ነበሩ። አሁን እንኳ ቀንሷል።»

ያኔ ነጠላው ገባኝ። ለፀሐይ አልነበረም። ፊቴ ሞቀ። ዝም ብዬ ገዝቼ መሄድ እችል ነበር፤ ግን እሳቸው ፊት ተቀምጬ ያን መደበቅ አልሆንልሽ አለኝ። ነገርኳቸው። እናቴ በዚህ በር ባለፍን ቁጥር ፊቴን ትሸፍነኝ እንደነበር፣ እኔም እስከዛሬ ምክንያቱን እንዳላወቅሁ።

ጠጠሩን ከእጄ ተቀብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ክር፣ ክር።

«ልጇን ብትወድ ነው» አሉ።

ሌላ አልተናገሩም። እንስራ ያዘለችዋን ሴት ገዛሁ። ዋጋ አልተከራከርኩም። ወንድሜ ሰሎሞንና ሳባን ገዛ፤ ለሚስቱ።

ማታ አዝማሪ ቤት ሄድን። ጎንደር መጥቶ አዝማሪ ሳይሰሙ መመለስ፣ ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ እንደመውጣት ነው። ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳው ላይ አገልግል ተሰቅሏል፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ፣ ብርሌው ውስጥ ጠጅ። ባል ማሲንቆ ይመታል፣ ሚስት ትዘፍናለች፣ ትከሻዋንም ትሰብቃለች። ጠጋ ብለን ተቀመጥን። ማሲንቆው ከዚያ ርቀት ሲታይ በጣም ቀላል ነገር ነው። አራት ማዕዘን እንጨት፣ የተወጠረ የፍየል ቆዳ፣ ረጅም አንገት፣ አንድ ገመድ። ገመዱም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑን እጣን ሲቀባው የአዛውንቱ ቡላ ፈረስ ድቅን አለብኝ፤ ያ ከታች ወደ ላይ ሲበጠር የነበረ ጅራት። በአንድ ገመድ ትዝታውንም አምባሰሉንም ያወጣዋል። ጣቱ ገመዱን አይጫንም፣ ዳር ዳሩን ነው የሚዳስሰው።

አዝማሪ መጀመሪያ ይጠይቃል። ከየት መጣችሁ፣ ይሄ ምንሽ ነው፣ ማን ነዳ። የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም፤ እህል እየሰበሰበ ነው፣ ሊፈጨው። ከአዲስ አበባ መሆናችንን፣ ወንድሜ መሆኑን፣ አባይ ላይ ፍሬን መሽተቱን ነገርነው። ሁለት ዙር ማሲንቆውን ብቻ መታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

አባይን ሲሻገር ሰው ሁሉ ደከመ፤
ደጀን ያለው ብቻ ጎንደር ገብቶ ቆመ።

ቤቱ «እሰይ!» አለ። ወንድሜ ሻይ የጠጣንባትን ከተማ ብቻ ነበር የሰማው፤ እየሳቀ ብርሌውን አነሣ። እኔ ሁለተኛውን ሰማሁት። እናቴ «ደጀን ደረስን፤ አይዞሽ» ስትል የነበረውም ዞሮ መጣብኝ። እጄን ወንድሜ ትከሻ ላይ አደረግሁ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ደጀን አንተ ነህ» አልኩት። ያን ጊዜ ገባው።

በእረፍቱ አዝማሪው ጠረጴዛችን ላይ የቆመችውን ሸክላ ሴት አየ። አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋት።

«ይህችን ማን ሠራት?»

«ወለቃ ያሉ አንዲት እናት ናቸው።» የሌማቱንም ነገር ነገርኩት፤ የነጠላውን ግን አልነገርኩትም።

ራሱን ነቀነቀ። «እኛም ያው ነን» አለኝ። «በዘፈናችን ሠርጉን ያደምቃሉ፤ ልጃቸውን ግን ለአዝማሪ አይድሩም ነበር። አዝማሪ ማለት ስድብ ነበር።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሚስቱ ከበሮውን አስቀመጠች። ሸክላዋን ሴት ጉልበቱ ላይ አቁሞ፣ በቀስታ፣ ያለ ከበሮ፦

ሸክላ ሠሪ እጇ አፈር ነው ይሉኛል፤
እኔስ ከአፈሩ ላይ አዳም ይታየኛል።

እንደ መጀመሪያው «እሰይ» አልተባለም። አንድ ሰው ከጥግ፣ «ድገመው እስቲ» አለ። ደገመው። በወረቀት አልጻፍኩትም፣ በስልክም አልቀዳሁትም። በአንዴ ነው የያዝኩት።

አዲስ አበባ ቲያትር እንገባለን፣ ኮንሰርት እንገባለን፤ ደስ ይለኛል፣ እሄዳለሁም። ግን አንድ ሰው ጠረጴዛህ ላይ ያለውን ዕቃ አይቶ፣ ስምህን እንኳ ሳያውቅ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላንተ ብቻ የሚሆን ግጥም የሚሠራበት ሌላ ቤት አላውቅም። ለዚህ ነው መንገዱን የምመኘው። ዛሬ በዚያ መንገድ እንደልብ አይኬድም። ዘመዶቼ «ቆይ፣ ትንሽ ይረጋጋ» እያሉኝ ዓመታት አልፈዋል። የአዝማሪ ቤትም የሸክላ ዳስም መንገደኛ ካልቆመበት ምን ይበላል? ይህን ሳስብ ያመኛል።

በማግስቱ ወደ ዳባት ስንሄድ ወለቃ ላይ ወንድሜ ሳልነግረው አቆመ። እናትየዋ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ሌላ ሴት ይዘው እየወለወሉ።

«ረሳሽ እንዴ የኔ ልጅ? ምን ጥለሽ ሄድሽ?»

«የጣልኩት የለም፣ እማማ። ዕቃ አምጥቼልዎት ነው።» አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የአዝማሪውን ግጥም አልኩላቸው። ዜማውን እንደሱ ባልችልም ቃሉን አላዛነፍኩም።

ጠጠሩ ቆመ። ልጃቸውን በእጃቸው ጠሯት። መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ድገሚልኝ» አሉኝ። «እሷም ትስማው።»